ጓዳ የሌለው ሰው የት ይብላ?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ «ዛሬ ውጪ እንብላ» የሚል ሰው ወይ ደመወዝ ወጥቶለታል፣ ወይ እንግዳ መጥቶበታል፣ ወይ የተኳረፈውን ሰው ሊያስታርቅ ነው። ውጪ መብላት በእኛ አነጋገር የመዝናናት ምልክት ነው። በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ በሕንፃ ግንባታ አጥር ሥር ቁጢጥ ብሎ ሽሮ በእንጀራ የሚበላው የቀን ሠራተኛም ውጪ እየበላ ነው። እሱን ግን ማንም «ውጪ በላ» አይለውም። ስም ያልሰጠነውን ነገር ደግሞ ስናቅድ አናየውም፤ ስናፈርስም አናየውም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ነው። ታሪኩ ከአዲስ አበባ በጣም ይረዝማል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በሮም ከተማ ነገሩ ከእኛ ግምት የተገላቢጦሽ ነበር። ሀብታም ቤቱ ይበላል፣ ወዳጆቹንም ቤቱ ይጋብዛል። ድሃው ነው ውጪ የሚበላው። ምክንያቱም ድሃው ኩሽና የለውም።

በመጀመሪያዎቹ ቄሣሮች ዘመን ሮም ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደነበራት የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። ይህን ሁሉ ሰው የተሸከሙት ኢንሱላ የሚባሉ ባለ ብዙ ፎቅ የኪራይ ሕንፃዎች ነበሩ። አውግስጦስ ቄሣር ቁመታቸው ከ70 የሮማ ጫማ፣ ማለትም ከ20 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ እስኪከለክል ድረስ ባለንብረቶቹ ወደ ላይ መቆለላቸውን አላቆሙም። ዛሬ ቦሌ ላይ የላይኛው ፎቅ ውዱ ነው። በሮም ግን ሊፍት ስላልነበረ ሀብታሙ ታች ይኖራል፣ ድሃው ደረጃውን እየቆጠረ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ከላይ ያለው ክፍል ጠባብ ነው፤ ውኃ የለውም፤ ጭስ ማውጫም የለውም። እንጨት በበዛበት ሕንፃ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ጎረቤትን ሁሉ ማቃጠል ሊሆን ይችላል። ሮም በእሳት የታወቀች ከተማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ64 ዓ.ም. የተነሣው ትልቁ ቃጠሎ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ሕንፃው ሥር ወዳለው ሱቅ ወርዶ ትኩስ ነገር ገዝቶ ይበላ ነበር።

እነዚህ ቤቶች ምን እንደሚመስሉ በዓይናችን ማየት የቻልነው በአንድ መቅሠፍት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ ተራራ ፈንድቶ ፖምፔይን በአመድ ሲቀብር፣ ከተማዋን ምሳ ቤቶቿን ጭምር ነው የቀበራት። እስካሁን በተቆፈረው የከተማዋ ክፍል ብቻ ከ80 በላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች ተገኝተዋል። መልካቸው ተመሳሳይ ነው። መንገድ ዳር በግንብ የተሠራ ባንኮኒ አለ፤ ባንኮኒው ውስጥ ትልልቅ የሸክላ ጋኖች አፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ተቀብረዋል። ሰውየው ይመጣል፣ ይከፍላል፣ ቆሞ ይበላል፣ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ለዓለም ይፋ በተደረገው አንድ ቤት ጋኖች ውስጥ የዳክዬ፣ የአሳማ፣ የፍየል፣ የዓሣና የቀንድ አውጣ ቅሪት ተገኝቷል። ከወይን ጠጅ ማስቀመጫው ሥር ደግሞ የተፈጨ ባቄላ ነበረበት። በሌላ ምሳ ቤት ባለቤቱ ሲሸሽ ጋን ውስጥ ጥሎት የሄደው ወደ 3 ኪሎ የሚመዝን ሳንቲም ተገኝቷል። አብዛኛው ዝርዝር ነው። ከፎርጂ ወጥቶ ከቆዳ ፋቂ ቤት መጥቶ በሳንቲም ከሚበላ ደንበኛ ሌላ ምን ይገኛል?

የዋጋ ዝርዝራቸውም ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። አንዱ ቤት መጠጡን በሦስት ደረጃ ይሸጥ ነበር፤ ተራው በአንድ አስ (የመዳብ ሳንቲም ነው)፣ የተሻለው በሁለት፣ ፋሌርኖ የተባለው ምርጡ በአራት። የእኛ ፉል ቤቶች «ኖርማል» እና «ስፔሻል» ብለው የሚጽፉትን ያስታውሳል። ሌላው ቤት በር ላይ ደግሞ እዚያ የሚሠሩ ሴቶች በከተማው ምርጫ እገሌን እንደግፋለን ብለው ያስጻፉት ማስታወቂያ አለ። እነዚህ ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። ሆኖም ከነሱ ጋር ምሳ ከሚበሉት መካከል ድምፅ ያላቸው ስለነበሩ፣ ስማቸው ግድግዳ ላይ ዋጋ ነበረው።

ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ የመጨረሻ ምዕራፍ ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲሄድ፣ ወንድሞች ከከተማ ወጥተው ከተቀበሉት ቦታዎች አንዱ በአማርኛው «ሦስት ማደሪያ» ይባላል። የላቲን ስሙ ትሬስ ታቤርኔ ነው፤ ሦስት የመንገድ ዳር ቤቶች እንደማለት። መንገደኛ የሚበላበትና የሚያርፍበት ቦታ ነበር።

ታላላቆቹ ሰዎች ግን እነዚህን ቤቶች ይንቋቸው ነበር። የሮማው አንደበተ ርቱዕ ሲሴሮ ተቀናቃኙን ፒሶንን ለማዋረድ የመረጠው መንገድ፣ ሰውየው ከእንዲህ ያለ ቤት እንደወጣና ትንፋሹም ያንኑ ቤት እንደሚሸት በምክር ቤት መናገር ነበር። ንቀቱ ብቻውን ቢሆን ችግር አልነበረውም። ከንቀቱ ጀርባ ፍርሃት ነበረ። ጌታው በማይጋብዝበት፣ ጌታው በማይሰማበት ቦታ ሰዎች ተሰብስበው ይበላሉ፤ ሲበሉም ያወራሉ።

ስለዚህ ቄሣሮቹ ተራ በተራ መከልከል ጀመሩ። የታሪክ ጸሐፊዎቹ ስዌቶኒየስና ዲዮ ካሲየስ የመዘገቡትን በቅደም ተከተል እንየው። ጢባርዮስ ምግብ ቤቶቹ ላይ ከፍተኛ ገደብ ጣለ፤ ብስኩት እንኳ እንዳይሸጥ አዘዘ። ቀላውዴዎስ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚጠጡባቸውን ቤቶች ዘጋ፤ የተቀቀለ ሥጋና የፈላ ውኃ መሸጥም ከለከለ፤ እምቢ ያሉትን ቀጣ። ኔሮን ከአትክልትና ከጥራጥሬ በቀር የበሰለ ነገር አይሸጥ አለ። ቬስፓስያንም ከጥራጥሬ በቀር ብሎ ደገመው። የኔሮን አስቂኝ ነው፤ ራሱ ሲመሽ መልኩን ለውጦ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት የሚዞር ሰው ነበርና። በእኛ ዓይን ካየነው ደግሞ ኔሮን ሳያውቀው በዐዋጅ የጾም ምግብ ቤት አቋቁሟል፤ ሽሮና ምስር ብቻ!

ከዚህ ዝርዝር የምንማረው ግን ሌላ ነው። ከጢባርዮስ መንገሥ እስከ ቬስፓስያን ሞት 65 ዓመት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አራት ቄሣሮች አንድ ዓይነት ነገር ከከለከሉ፣ የመጀመሪያው ክልከላ አልሠራም ማለት ነው። ሁለተኛውም አልሠራም። ቬሱቪየስ የቀበረን ምሳ ቤት ገበያተኛ የሞላበት እንደነበር ጋኖቹ ይመሰክራሉ፤ ፖምፔይ የጠፋችው ደግሞ ቬስፓስያን በሞተበት በዚያው ዓመት ነው። ሕዝቡ ዐመፀኛ ስለሆነ አይደለም። ሰው በቀን አንድ ጊዜ እንኳ መብላት አለበት፤ ቤቱ ደግሞ እሳት የለም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የእኛ አጀማመር ከሮም ይለያል። በሮም ችግሩ የኩሽና እጦት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የነበረው ነውር ነው። ምግብ በገንዘብ አይሸጥም ነበር። እየበላ ያለ ሰው መንገደኛ ሲያልፍ «እንብላ» ይላል፤ ዛሬም ይላል። «እንብላ» በሚባልበት አገር «ሒሳብ» የሚለው ቃል አፍ ላይ ይከብዳል። እንግዳ የእግዜር እንግዳ ነው፤ ቤት ያፈራውን ይቀርብለታል። የንጉሥ እንግዳ ከሆነ ደግሞ ድርጎ ይቆረጥለታል። ሰው ፊት መብላትም ራሱ የሚያሰጋ ነበር። መኳንንት ሲበሉ ከሰው ዓይን በመጋረጃ ወይም በሸማ ይከለሉ ነበር፤ ቡዳ ይፈራላ። እንዲህ ባለ ባህል ውስጥ በር ተከፍቶ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ከማያውቁት ሰው ጎን ተቀምጦ፣ ከፍሎ መብላት ምን ያህል እንግዳ እንደሚሆን ገምቱት።

ብዙ ሕዝብ አንድ ላይ የሚበላበት ቦታ አልነበረም ማለት አይደለም። ነበር፤ ግን ባለቤቱ ገዢው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው አንድነት ፓርክ ውስጥ የምኒልክን የግብር አዳራሽ ያየ ሰው ስፋቱን ያውቀዋል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ እየገባ ይበላበት ነበር። ግብር ከምግብነቱ በላይ ሥርዓት ነው። ማን ቀድሞ ገባ፣ ማን ከማን ጎን ተቀመጠ፣ ለማን ብርንዶ ደረሰ የሚለው ሁሉ የሥልጣን ካርታ ነበር። የበላ ሰው ያበላውን ያውቃል፤ ያበላውም የበላውን ያውቃል። የሮማ ባለሀብትም ደጀ ጠኚዎቹን የሚያበላው ለዚሁ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ስትሰፋ ግን ግብር የማይደርሰው ሰው በዛ። ነጋዴው መጣ፤ ወታደሩ መጣ፤ ተሟጋቹ መጣ፤ ሥራ ፈላጊው መጣ። ለዚህ ሰው መጀመሪያ የደረሱለት ሴቶች ናቸው። ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት ከፍተው፣ ደጃፋቸው ላይ እንጨት ተክለው ጣሳ ደፍተው ምልክት ያደረጉ ሴቶች። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ ከጋብቻ የወጡ፣ ከእጃቸው ሙያ በቀር ካፒታል የሌላቸው ነበሩ። ከተማውም አብልተውትና አጠጥተውት ስማቸውን አጠፋ። እስካሁን «ቡና ቤት» የሚለው ቃል አማርኛ ላይ የሚያጠላውን ጥላ አስቡ። በሮም ሕግም እንዲሁ ነበር፤ መጠጥ ቤት የምትሠራ ሴት ክብር እንደሌላት ተቆጥራ፣ በዝሙት እንኳ ለመከሰስ የማትበቃ ተደርጋ ትታይ ነበር። ሁለቱም ከተሞች የመጀመሪያ ምግብ ሻጮቻቸውን እየበሉ ሰደቡ።

ነውሩን በአደባባይ የሰበረው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። በ1898 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት ይህ ቤት በአርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን ንድፍ የተሠራ ሲሆን ዛሬም ፒያሳ ላይ ቆሟል፤ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የደረሰበት ቃጠሎ ከፊሉን ቢጎዳውም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የሚያውቀው ታሪክ አለ። ሆቴሉ ሲከፈት ደንበኛ ጠፋ። ከፍሎ መብላት ማን ለምዶ! ምኒልክ ነገሩ ሲገባቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ በሉ፤ ሲጨርሱም ከኪሳቸው ከፈሉ። ከዚያ ወዲያ መኳንንቱ ተራ በተራ መምጣት ጀመሩ ይባላል።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንተርከው የምኒልክን ዘመናዊነት ለማሳየት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። ግብር የሚያበላ ንጉሥ፣ ማዕዱን የሥልጣኑ ምሰሶ ያደረገ ንጉሥ፣ ገበታ ቀርቦ ሒሳብ ሲከፍል ያለው ነገር ትልቅ ነው፦ «ከእኔ እጅ ሳትጠብቅ መብላት ትችላለህ፤ ነውርም አይደለም።» የሮማ ቄሣሮች ከሕዝቡ የፈሩትን ነገር ምኒልክ ራሳቸው አደረጉት።

ቀጥሎ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ግሪኮችና አርመኖች ሆቴልና ግሮሰሪ ከፈቱ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ መጣ፤ ሲሄድ ፓስታውንና ማኪያቶውን ትቶ ሄደ። አንዳንድ ቃላትም ትቶልናል፤ ቃላቱን ብንከተላቸው ወደዚያችው ወደ ጥንቷ ሮም ይመልሱናል። ፉርኖ ዱቄት የምንለው በጣሊያንኛ ምድጃ ማለት ከሆነው ፎርኖ ነው፤ እሱም ከላቲኑ ፉርኑስ። ሉካንዳ ለእኛ ሥጋ ቤት ነው፤ በጣሊያንኛ ሎካንዳ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ በቱርክ ሎካንታ ምግብ ቤት ነው። ሁሉም ማከራየት ከሚል የላቲን ግስ የወጡ ናቸው። ሆቴል የሚለው ቃልም በፈረንሳይኛ በኩል እንግዳ ከሚል የላቲን ቃል ይመጣል። በእኛ አገር አልጋ ሳይኖረው «ሆቴል» የሚል ታፔላ የሰቀለ ምግብ ቤት ስናይ እንስቅበታለን። ቃሉን ግን አላጠፋውም፤ መንገደኛን ካበላ ሆቴል ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ምሥራቅ አዲስ አበባ ደረስን። እዚህ ላይ ታሪካችን ከሮም ጋር ቁርጥ አንድ ይሆናል።

የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሙከራ የተጀመረው እዚሁ ሰፈራችን፣ ቦሌ ገርጂ ላይ፣ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ሰሚት፣ አያት፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ እያለ ቀጠለ። አቃጆቹ አንድ ነገር በደንብ ተረድተው ነበር። ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እንጀራ ይጋግራል፣ በግ ያርዳል፣ ጭስ ያጨሳል፤ ይህ ሦስተኛ ፎቅ ስቱዲዮ ውስጥ አይሆንም። ስለዚህ በየግቢው ለማብሰያ፣ ለማጠቢያና ለዕርድ የሚሆን የጋራ ቤት ሠሩ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ዛሬ በየግቢያችሁ ያ የጋራ ቤት ምን ላይ እንደዋለ ሄዳችሁ እዩ። አንዳንዱ የጥበቃ ማደሪያ ነው፣ አንዳንዱ መጋዘን ነው፣ አንዳንዱ ተከራይቷል። ስቱዲዮው ደግሞ አብሮ ለመኖር በተስማሙ ሦስትና አራት ወጣቶች ተይዟል። ምጣድ የላቸውም። መብራት ሲኖር ሻይ ያፈላሉ። እራታቸው ታች ያለው ሽሮ ቤት ነው። ኢንሱላ ማለት ይኸው ነው።

ሕንፃውን የሚሠራውስ? ላለፉት ሃያ ዓመታት ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከጎሮ እስከ ቡልቡላ ያለው መሬት ሁሉ ግንባታ ሆኖ ነው የኖረው። ግንባታው በተተከለ በሳምንቱ አጠገቡ የሸራ ቤት ይተከላል። አንዲት ሴት፣ ሁለት ድስት፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ጥቂት በርጩማ። ጠዋት ሻይ በፓስቲ ወይም በእርጥብ፤ ምሳ ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ በእንጀራ፤ ከሰዓት ጀበና ቡና። አናጺው፣ ግንበኛው፣ አርማታ የምትሸከመው ልጅ እዚያ ይበላሉ።

እነዚህን ቤቶች ለሥራዬ ስል ብዙ ጊዜ ተቀምጬባቸዋለሁ፤ ለምሳዬም ጭምር። ከድስቱ ይልቅ ቀልቤን የሚወስደው ደብተሩ ነው። ሠራተኛው የሚከፈለው በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ የሚርበው ግን በየቀኑ ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ትጽፋለች፤ «ዓለሙ አናጺ፣ 3 ምሳ፣ 2 ቡና» ዓይነት። ዋስትና የለም፣ ውል የለም፣ ወለድ የለም። ኮንትራክተሩ ሲዘገይ እሷም ትዘገያለች፤ ኮንትራክተሩ ሲጠፋ ኪሳራው የሷ ነው። የዕቁቧ ተራ ደርሶ ጤፍ ካልገዛች ደግሞ ሠላሳ ሰው ጦሙን ይውላል። በዚህ ከተማ ከተሠራው ፎቅ ውስጥ ስንቱ በእንዲህ ያለ ዱቤ እንደቆመ ማንም አስቦት አያውቅም። የባንክ ብድሩ ሕንፃው ፊት ለፊት በትልቅ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ የሴትየዋ ብድር ግን ሕንፃው ሲያልቅ አብሯት ይነሳል።

እንግዲህ ኮሪደር ልማቱ የመጣው በዚህ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ከፒያሳ ጀምሮ፣ በእኛ በኩል ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ መንገዱ ተቆፍሮ እንደገና ተሠራ። በ2017 ካዛንቺስ ተነሣ። የተገኘውን ነገር መካድ አልፈልግም። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ሌሊት መብራት አለ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ተሠርቷል፣ አሮጊት እናት በጭቃ ሳትንሸራተት ትሄዳለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በተወለወለው ንጣፍ ላይ የሸራ ቤት የለም። ጀበና ይዛ የተቀመጠችውም የለችም። ደንብ አስከባሪ ይመጣል ሲባል ድስት ተሸክሞ መሮጥ የዘወትር ትዕይንት ሆኗል።

ይህንንም ሮም ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ92 ዓ.ም. ዶሚጥያኖስ ቄሣር የሮም ጎዳናዎች በነጋዴ ተዘግተዋል ብሎ ሱቆች ወደ መንገድ እንዳይወጡ አዘዘ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ሥጋ ሻጩ፣ ወጥ ሠሪው፣ ጠጅ ቤቱ ሁሉ ወደየደፉ እንዲመለስ ተደረገ። ገጣሚው ማርሻል ቄሣርን በግጥም አመሰገነ፤ ከተማዋ ከአንድ ትልቅ ሱቅነት ተመልሳ ሮም ሆነች በሚል መንፈስ። ዛሬ ቢኖር ቪዲዮ ሠርቶ ይለጥፈው ነበር።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ግን ልብ በሉ። የዶሚጥያኖስ ትእዛዝ «ወደ ደፍህ ተመለስ» ይላል። የሮሙ ወጥ ሠሪ የሚመለስበት ደፍ ነበረው፤ ከጀርባው ሱቅ አለ፤ ያጣው የጎዳናውን አንድ ሁለት ክንድ ነው። የሰሚቷ ሴት የምትመለስበት ደፍ የላትም። የሷ ሱቅ ራሱ መንገዱ ነበር። እሷን «ተመለሺ» ማለት «ጥፊ» ማለት ነው። እሷ ስትጠፋ ደግሞ የሚበላው ሰው አይጠፋም። ወይ ውስጥ ለውስጥ ርቆ ይሄዳል፣ ወይ በውድ ይበላል፣ ወይ ምሳውን ይዘላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ፣ የጤፍና የዘይት ዋጋ ምን እንዳደረገን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ጊዜ ርካሹን ምሳ ማራቅ ከቀን ሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቀነስ ነው።

«ንጽሕናውስ?» የሚል አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቆሻሻ ምግብ ሰው ይገድላል። ግን ንጽሕና ከውኃ ነው የሚመጣው እንጂ ከማባረር አይመጣም። እየሮጠ የሚሸጥ ሰው ሰሃን አያጥብም። አንድ ቦታ የተቀመጠ፣ ነገም እዚያው እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ግን ስሙ ስለሚታወቅ ይጠነቀቃል። ፖምፔይ ባንኮኒዋን በግንብ ሠርታ ዶሮና ዳክዬ የሳለችበት ነገም እዚያው ነኝ ብላ ስላሰበች ነው።

ሌላው የሚነሣው «መንግሥት ድሃን ይመግባል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ «ተስፋ ብርሃን» የሚባሉ የምገባ ማዕከላት ከፍታለች፤ አቅም ለሌለው ሰው በቀን አንድ ጊዜ ያበላሉ። ይህም ታሪክ አለው። አውግስጦስ ለ200,000 የሮም ዜጎች በነፃ ስንዴ ያድል ነበር። ስንዴ ግን ምድጃ ለሌለው ሰው ምን ያደርግለታል? ወደ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል አውሬሊያን ቄሣር ስንዴውን ወደ ዳቦ ቀየረው፤ የአሳማ ሥጋም ጨመረበት። የእኛ ማዕከላት ከመጀመሪያው የበሰለ ማቅረባቸው ከአውግስጦስ ይሻላል። ቢሆንም ምገባ ለደከመው ነው። አርማታ የሚሸከም ጎረምሳ ሰልፍ ይዞ መመገብ አይፈልግም። ሠርቶ፣ ከፍሎ፣ «ጨምሪልኝ» ብሎ መብላት ነው የሚፈልገው። በነፃ የሚበላ ሰው ወጡ ጨው በዛበት ለማለት አፉን አይሞላም፤ የሚከፍል ሰው ይላል። ምኒልክ ሒሳብ የከፈሉ ቀን የተጀመረው ነገር ይኸው ነው፤ ሁሉን ወደ ግብር አዳራሽ መመለስ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከተማው የእሁድ ገበያ ሲያቋቁም መንገድ ዘግቶ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ቦታ ሰጥቷል፤ ነዋሪውም ወዶታል። ለሽንኩርት ከተቻለ ለሽሮም ይቻላል። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ አጥር ይታጠር፣ መጸዳጃ ይኑር ይባላል። አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ለሠራተኛ ምሳ የሚሸጥበት ጥላና የውኃ ቧንቧ ይኑር። የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ማብሰያ ቤት ለተሠራበት ዓላማ ይመለስ፤ በግቢው ለሚኖሩ ሴቶች በፈረቃ ይሰጥ። በኮሪደሩ ላይ የተሠሩት አደባባዮች ሰፋፊ ናቸው፤ ካፌ የሚችለው ብቻ ሳይሆን አንድ ምድጃና ሁለት ድስት ያላት ሴትም የምትችለው ጠባብ ቦታ፣ በሰዓት ተወስኖ፣ በቁጥር ተመዝግቦ ይከለልላት። ቀረጥም ትከፍላለች፤ ደብተር መያዝ እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቅበታለች።

አራት ቄሣሮች አንድን የጥራጥሬ ወጥ ከጎዳና ማጥፋት አቅቷቸዋል። ጦር ነበራቸው፣ ሕግ ነበራቸው፣ አመስጋኝ ገጣሚም አላጡም። ያልነበራቸው ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ኩሽና ነው። እኛም የለንም። እስኪኖረን ድረስ የከተማዋ ጓዳ መንገድ ዳር ያለው ነው፤ ቢያንስ ደፍ እንሥራለት።

በየሰፈራችሁ የሸራ ቤቶቹ ወዴት እንደሄዱ፣ የጋራ ማብሰያው ምን ላይ እንደዋለ የምታውቁ ከታች ጻፉልን።